አፍሽን ክፈቺ

ልጄ ክኒን አልውጥም ባለችበት ዓመት ዳባት ውስጥ ምክር ያልሰጠኝ ሰው አልነበረም። አንዱ አፍንጫዋን ያዢ ይለኛል፤ አንዷ በማር ለውሺው ትለኛለች፤ ሌላው ደግሞ ልጅ ያለ ዱላ አይድንም ብሎኝ ይሄዳል። ምክር አይከፈልበትም፤ ሁሉም አለው። የልጅቱን ጉሮሮ ግን አንዳቸውም አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ፤ የራሴ ጉሮሮ ነዋ! በልጅነቴ ኮሶ ሊያጠጡኝ ሲሉ ዋንጫውን ከእናቴ እጅ መትቼ የደፋሁ ሰው ነኝ፤ እስከ ዛሬም አይቆጨኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባለቤቴ በመንገድ ሥራ ተቀጥሮ ሊማሊሞ ላይ የተናደ ድንጋይ ሲያነሳ ይከርማል፤ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ዳባት ባለችው ቤታችን እኔ፣ አማቴና ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጄ ነበርን። ክረምቱ ወጣ ሲል የልጅቱ አንገት ከጆሮዋ ሥር አበጠ። ብርድ ነው ብለን ቅቤ አሸንላት። እብጠቱ ግን እየጠነከረ፣ አጠገቡም ሌላ እየጨመረ ሲሄድ ደባርቅ ወሰድኋት። ጤና ጣቢያው የነቀርሳ እጢ ነው አለን። ነቀርሳ ሳንባ ላይ ብቻ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንገትም አይምርም።

መጀመሪያ የታዘዘላት መርፌ ነበር። እሱ እስኪያልቅ ደባርቅ ዘመድ ቤት ተቀመጥን። ልጄ ዓይኗን እንኳ ሳትጨፍን ተወጋች። ወረፋ የያዙት ሰዎች «እንደ ወንድ ቻለችው» ይላሉ። እዚያው ግድግዳ ጀርባ ወንዱ ሁሉ ሲጮህ እሰማለሁ፤ እንደ ሴት ነው የቻለችው። በመርፌው አንዱ እጢ ፈርጦ ጠባሳ ትቶ ደረቀ፤ ሌላውም ጠፋ። መርፌው አልቆ ክኒኑ ሲመጣ ግን ጉድ ፈላ።

ክኒኑ ነጭ ነው፤ ከአተር ሰፋ ይላል፤ መሐሉ ላይ መስመር አለው። በየቀኑ፣ ለብዙ ወራት መዋጥ አለበት። ጤና ጣቢያው ውስጥ መድኃኒት የሚያድለው ድሬሰር በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ዓይኔን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «ካቋረጠች በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ይሄ መድኃኒት ላይመልሰው ይችላል። ሌላ የለንም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማስበው ስለዚህች ነጭ ክኒን ነበር።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ግን ኮሶ ነው፤ ኮሶ ደግሞ ሥርዓት አለው። በባዶ ሆድ፣ ገና በማለዳ፣ ጓዳ ገብተሽ፣ ሰው ሳያይሽ፣ አፍንጫሽን ይዘሽ በአንድ ትንፋሽ ነው። መድኃኒት የያዘ ሰው ላይ የመንገደኛ ጥላ ካረፈበት መድኃኒቱ ይከሽፋል ይባላል። ስለዚህ ልጄን ጓዳ ያስገቧትና በሩን ይዘጋሉ፤ ጭንቅላቷን በጉልበታቸው መሐል አድርገው ወደ ኋላ ቀልብሰው አፍንጫዋን ይይዛሉ። እሷ ትንፈራገጣለች፣ ትጮሃለች።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!» ይላሉ አማቴ እየታገሉ።

ልጄ ተልባ አይደለችም። ክኒኑ በገባበት ተመልሶ ይወጣል፤ አንዳንዴ ጠዋት ከቀመሰችው ውኃ ጋር፣ አንድ ቀን ደግሞ ከከንፈሯ ደም ጋር ወጣ። ደሙን ያየሁ ዕለት የጓዳውን በር በርግጄ ገባሁና ልጄን ከጉልበታቸው መሐል አወጣኋት።

«ከእንግዲህ እኔው እሰጣታለሁ፤ እርስዎ እንዳይነኳት» አልኳቸው።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አሉኝ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እናቷስ ምን ነበረች!»

«ይሳበን፣ እማማ» አልኩ።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ፈጭቼ በማር ሰጠኋት፤ ማሩንም ክኒኑንም አስመለሰችው፤ ማር የሚባል ነገርም ጠላች። ቀጥሎ ያደረግሁትን በአገራችን ያለች እናት ሁሉ ታደርገዋለች፤ አላፍርበትም። ክኒኑን በጉርሻ ደበቅሁት። ጉርሻን ማን እምቢ ይላል? የሚወድሽ ሰው በእጁ ጠቅልሎ ወደ አፍሽ ሲያመጣልሽ አፍሽ ሳታስቢው ይከፈታል። የመጀመሪያው ቀን በአልጫ ፍትፍት ውስጥ አልፎ ሄደ። በደስታ ልዘፍን ምንም አልቀረኝ። በማግሥቱ ግን ጥርሷ አገኘው። ምሬቱ ፊቷን ሲያጨማድደው አየሁ፤ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ምግቡን ገና አልተፋችውም ነበር። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ ተስፋ አልቆረጥኩም። በሽሮ ሞከርኩ፤ በዳቦ ሞከርኩ። በመጨረሻ ጣቴን ነከሰችኝ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ጣቴ ቆስሎ ስሰነብት እውነት መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ከማንም እጅ አልጎርስም አለች። አንድ እሑድ ጎረቤት የማርያም ማኅበር ተጠርተን ሳለ አንዲት ትልቅ ሴት በፍቅር ጠቅልለው ቢያጎርሷት ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሴትዮዋ ጉርሻቸውን ይዘው አየር ላይ ቀሩ።

«የዚህችን ልጅ አፍ ማን ዘጋው?» አሉ።

የዘጋሁት እኔ ነኝ። ግን ለልጄ ይቅርታ ስላት አልዋልኩም፤ ይቅርታ ጉሮሮ አይከፍትም። የሚከፍት ነገር ነበር የምፈልገው። እቤት ስንገባ ከፊቷ ቁጭ ብዬ እንዲህ አልኳት፦ «ከዛሬ ጀምሮ አፍሽ ውስጥ ምንም ነገር አላስገባም። ክኒንም፣ እንጀራም። ማርያምን! እጅሽ የራስሽ ነው፤ አፍሽም የራስሽ ነው።» በጥርጣሬ አየችኝ። ለብዙ ቀን እንጀራውን እየገለጠች፣ ሥሩን እያየች ትበላ ነበር። አልተቆጣኋትም። መብቷ ነው።

ከዚያ ትምህርት ጀመርን። ተልባ ቆልቼ ወቅጬ በውኃ በጠበጥኩት፤ እስኪያሟልጭ አቆይቼ አጠለልኩት። ተልባ ራሱ ጉሮሮ ያውቃል፤ ያገኘውን ይዞ ይንሸራተታል። መጀመሪያ አንዲት የስንዴ ፍሬ ምላሷ ላይ አድርጋ ሳታኝክ በተልባው እንድትውጥ ነገርኳት። ጭንቅላቷን አያቷ እንዳስለመዷት ወደ ኋላ ቀልብሳ ስትሞክር አነቃት። ምንጭ ላይ ጎንበስ ብላ ውኃ ስትጠጣ ግን ታንቃ አታውቅም። «እንደ ምንጩ አድርጊው» አልኳት። አገጯን ወደ ደረቷ አድርጋ ዋጠች። ስንዴዋ ወረደች። ጉሮሮዋን በጣቷ ዳብሳ «አለፈ!» አለች።

ስንዴው አልፎ ምስር ገባ፤ ምስሩ አልፎ የአተር ክክ ገባ። ይህን ሁሉ የምናደርገው ጓዳ ተደብቀን ሳይሆን በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቅን፣ መንገደኛ እያየን ነው። አማቴ የሰው ጥላ እያሉ ያጉረመርማሉ። የአላፊ አግዳሚው ጥላ ሁሉ አረፈብን፤ ክኩም ወረደ።

ክኒኑ ግን አልወረደም። ምላሷ ላይ ታደርገዋለች፣ ተልባውን ትጎነጫለች፣ ጎንበስ ትላለች፤ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ከዚያ በጨዋ ደንብ መዳፏ ላይ ትተፋውና ትመልስልኛለች።

«ከክኩ እኮ ብዙም አይበልጥም» እላታለሁ።

«ክኩ አያውቀኝም» ትለኛለች። «ይሄ ያውቀኛል።»

እንዲህ ስንል ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ጸጉሯን ስሠራላት ከጆሮዋ ሥር ጠፍቶ የነበረው እጢ እንደገና ጣቴ ሥር መጣ። ትንሽ ነው፤ ግን አለ። ለማንም አልነገርኩም። ሹሩባውን ጨረስኩ።

ክኒን መቀበያችን ደርሶ ስለነበር ደባርቅ መሄድ አለብን። ያን ጊዜ ከከተማ ከተማ ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ የዚያን ዕለት የሴቶች ስብሰባ መኖሩን አስታወሰኝ። ስብሰባው ያለ እኔም ይሰበሰባል፤ ልጄ ያለ እኔ አትሄድም አልኩት። ጠረጴዛው ፊት ቆሜ አልንቀሳቀስ ስለው፣ ከእኔ ለመገላገል ይመስለኛል ማኅተሙን መታልኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ድሬሰሩ ካርዷን አየና የተረፈ ክኒን እንዳለ ጠየቀ። አወጣሁለት። ብዙ ነበር። አንገቷን ዳሰሰ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«መድኃኒቱ ለሚውጥ ነው» አለኝ። «እዚህ ደጅ ጠንተው ሳያገኙ የሚመለሱ አሉ። በሚቀጥለው የተረፈ ይዛችሁ ከመጣችሁ ለሌላ እሰጠዋለሁ።»

«የሌላው ልጅ ጉሮሮ ከብረት ነው የተሠራው?» አልኩ። ወረፋው ሁሉ ዞረ። «አንተ ክኒን መስጠት ነው ሥራህ፤ ስታስውጥ አንድ ቀን አይቼህ አላውቅም። ትውጣለች! ጊዜ ነው ያጣችው።»

«ጊዜ የለሽም» አለኝ በቀስታ። ያ ቀስታው ከቁጣው ይልቅ አስፈራኝ። የአዲሱን ወር ጨምሮ፣ የድሮውንም መልሶ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የመንገድ ስንቅ የያዝንበት አገልግል ውስጥ ከእንጀራው ሥር ከተትኩት።

ወደ ዳባት የሚወርድ የጭነት መኪና አግኝተን ከእህሉ ላይ ተሳፈርን። የደባርቅ መውጫ ኬላ ላይ ገመዱ ተዘርግቶ ነበር፤ ሁሉም ውረድ ተባለ። በረሃ የገቡ ሰዎች በዚያ ተራራ ነበሩና ወታደሮቹ ጨው፣ ባትሪ ድንጋይ፣ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት። እኛን የፈተሸው ወታደር ልጅ እግር ነው፤ የስሜን ብርድ ከንፈሩን ሰነጣጥቆታል፤ ከንግግሩ ሞቃት አገር ያደገ ይመስላል። አገልግሉን ገለጠ፤ እንጀራውን አነሳ፤ ጥቅሉን አገኘ።

«ይሄ ሁሉ ክኒን ለማን ነው?»

«ለልጄ።»

ካርዷን ሰጠሁት። ካርዱ ላይ ያለውንና እጁ ላይ ያለውን አስተያየ። «ይሄ ከታዘዘው ይበልጣል። የቀረው የማን ነው?»

«የእሷው ነው። ስላልዋጠችው ተረፈ።»

«አትውጥም እንግዲህ?»

«ታዲያ ጣጣዬ እሱ አይደል!»

«የማትውጠውን መድኃኒት ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረኝም። «ይሄ ለወንበዴ የሚሄድ ነው። ይወረሳል። አንቺም እዚህ ትቆያለሽ።»

ጥቅሉን ወደ ኪሱ ሲወስደው ጫፉን ያዝኩ። እኔ ራሴ እጄ መቼ እንደተዘረጋ አላውቅም።

«ሴትዮ፣ ልቀቂ!»

«አልለቅም» አልኩ። «ይሄን ከወሰድክ ልጄን ወሰድክ ማለት ነው። እኔን አስቀረኝ፣ እሰረኝ፤ እሱን ግን አትወስድም።»

መሣሪያው ትከሻው ላይ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። አልፈራሁም ብል ውሸቴን ነው። ጣቶቼ ግን አልፈቱም። ወታደሩ እኔን አየ፤ ልጄን አየ፤ አንገቷ ላይ ያለውን የድሮ ጠባሳ አየ።

«የእሷ ከሆነ፣ እዚሁ ፊቴ ትዋጥ» አለ።

አያቷ ታግለው ያላስዋጧት፣ እኔ ለምኜ፣ አታልዬ ያላስዋጥኋት ልጅ! ጥቅሉን ለቀቅሁ። እሱ አንድ ክኒን አውጥቶ ሰጠኝ። ከልጄ ፊት ቁጢጥ አልኩና ክኒኑን መዳፌ ላይ አድርጌ ዘረጋሁላት። በሌላው እጄ ለመንገድ የያዝኩትን የተልባ ቅል ከፈትኩ። ወደ አፏ አላስጠጋሁም።

«አጉርሻት እንጂ!» አለ ወታደሩ።

«አላጎርሳትም። ምያለሁ።»

ልጄ መዳፌን አየች። ቀና ብላ ወታደሩን ከጫማው እስከ ቆቡ አየችው። ከዚያ ክኒኑን በሁለት ጣቷ አነሳች፤ ምላሷ ላይ አደረገች፤ ቅሉን ከእጄ ወሰደች። ተጎነጨችና አገጯን ወደ ደረቷ አደረገች። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ጉሮሮዋ አንዴ ተነሳ፣ ወረደ። ጣቷን አንገቷ ላይ አሳረፈች።

«አለፈ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ወታደሩ ጎንበስ አለ። «አፍሽን ክፈቺ።»

ከንፈሯን ገጠመች። ማኅበሩ ላይ እንዳደረገችው ገጠመችው። ከዚያ ለመናገር ብቻ ገለጥ አድርጋ «አልከፍትም» አለች።

«ክፈቺ አልኩ!»

«ዋጥኩ።» እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራለች።

ክፈቺ፣ ልጄ፣ ልላት እችል ነበር። ምን ችግር ነበረው? አፏ ባዶ ነው። ሌላ እናት ትላት ይሆናል። እኔ ግን አፍንጫዋን ተይዛ ስትንፈራገጥ ያየሁ ነኝ፤ የከንፈሯን ደም የጠረግሁ ነኝ። ያ አፍ ከብዙ ጦርነት በኋላ ገና ያን ደቂቃ የራሷ ሆነ። ለማንም አላስከፍተውም!

«ዋጥኩ ብላለች» አልኩት ብድግ ብዬ። «ልጄ ያልዋጠችውን ዋጥኩ አትልም። ላለመዋጥ እንደሆነ ስንት ሳምንት በግልጽ ስትዋጋኝ ከረመች፤ አሁን ለአንተ ስትል ነው የምትዋሸው?»

ከተሳፋሪዎቹ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው «ጎበዝ፣» አሉት በዝግታ፣ «የተዋጠ ነገር እኮ አፍ ውስጥ አይገኝም።» አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሌላውም ተከተለ። ወታደሩ ራሱ የተሰነጠቀ ከንፈሩ እስኪያመው ድረስ ፈገግ አለና ከንፈሩን በእጁ ያዘ። ጥቅሉን ወረወረልኝ። «ሂዱ» አለ።

ክኒኑን ከዚያ ቀን ወዲያ በራሷ እጅ፣ በተልባ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እስኪያልቅ ዋጠችው። እጢውም ጠፋ። ድሬሰሩ በሚቀጥለው ጊዜ የተረፈ ሲጠይቀኝ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ ደስታዬን ልደብቀውም አልሞከርኩ።

ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ግን ኬላውን አልፈን የሄድንበትን መንገድ ነው። ነፋሱ ከተራራው ይወርዳል፤ እህሉ ላይ ጋቢዬን ለሁለት ተከናንበን ተቀምጠናል። ልጄ ራበኝ አለች። አገልግሉን ከፈትኩላት፤ እንጀራ በክክ አልጫ፣ ጎኑ ላይ ቃሪያ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትንሽ ቆየች። ስትዞር በትንሿ እጇ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላለች። ወደ አፌ አመጣችው።

ከጣቴ ንክሻ በኋላ በመሐላችን ያለፈ የመጀመሪያው ጉርሻ ነው። ከንፈሬ ሲነካው ውስጡ ጠንከር ያለ ነገር እንዳለ አወቅሁ። እሷም ማወቄን አወቀች፤ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ገልጬ ማየት እችል ነበር። እሷ ስንት ቀን እየገለጠች በልታለች።

አፌን ከፈትኩ። ጎረስኩ። አኘክሁ። ሙሉ ቃሪያ ነው፣ ከነፍሬው! ጆሮዬ ድረስ ነደድኩ፤ እንባዬ ጉንጬ ላይ ወረደ፤ አጠገባችን የተቀመጡት ሽማግሌ ምን ሆንሽ ልጄ አሉኝ። መልስ የምሰጥበት አፍ አልነበረኝም።

«ዋጪው» አለች ልጄ።

አገጬን ወደ ደረቴ አድርጌ ዋጥኩት። ጉሮሮዬን በጣቴ ነክቼ «አለፈ» አልኳት። አየችኝ፤ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ጋቢውን ወደ ራሷ ስባ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አደረገች። አፍሽን ክፈቺ አላለችኝም።